«ዊ አር ዘ ወርልድ» የወሎ ታሪክ አይደለም

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ የ«ዊ አር ዘ ወርልድ»ን አልበም ሽፋን ለጥፎ «ወሎን ያተረፈ አልበም» ብሎ ጻፈበት። ላይክ ያላደረገ የለም። ከሥሩ ደግሞ «አልቅሼ ነው የሰማሁት»፣ «ማኅበራዊ ሂስ ማለት ይሄ ነው» የሚል አስተያየት ተደርድሯል። ልጁን እወደዋለሁ፤ ክፍል ውስጥም ጎበዝ ነበር። ግን የውርጌሳ ልጅ ይህን ሲጽፍ አይቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በኋላ «ቲቸር ውለታ ቢስ ሆኑ» እንዳትሉኝ አንድ ነገር ላስቀድም። በ77 ልጅ ነበርኩ፤ የእርዳታ ስንዴ በልቻለሁ፣ ፋፋም ቀምሻለሁ። ያ እህል ሰው አትርፏል። ገንዘብ ካዋጣው ሰው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ አልበሙ ስለ እኛ ተናግሯል ከሚለው ወሬ ጋር ነው።

እስቲ አልበሙን እንክፈተው። ዋናው ዘፈን የተቀዳው ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። የደረሱት ማይክል ጃክሰንና ላይነል ሪቺ፣ ሥራውን የመራው ኩዊንሲ ጆንስ፣ ሐሳቡን ያመነጨው ሃሪ ቤላፎንቴ። ከሁለት ወር በኋላ አልበሙ ወጣ። ከዋናው ዘፈንና ካናዳውያን ተሰባስበው ከዘፈኑት አንድ ሥራ በቀር፣ የቀረው አብዛኛው ዘፋኞቹ በእጃቸው የነበረውን፣ ለገበያ ያላወጡትን ሥራ የለገሱት ነው። ቲና ተርነር፣ ኬኒ ሮጀርስ፣ ቺካጎ፣ ሂዩ ሉዊስ። ስፕሪንግስቲን የጃማይካዊውን የጂሚ ክሊፍን ዘፈን መድረክ ላይ ተጫውቶታል፤ እኔ ከአልበሙ የምወደው እሱን ነው። ግሩም ሮክ ነው። ስለ እኛ ግን አይደለም።

ዋናው ዘፈንስ? ኢትዮጵያ የሚል ቃል የለበትም። ወሎ የለም፣ ኮረም የለም፣ አፍሪካ እንኳን የለም። ሰው ለምን ተራበ፣ እህሉ የት ሄደ፣ ማን ደበቀው የሚል ጥያቄማ ጭራሽ። ስጡ ነው የሚለው። ስጡ ማለት መልካም ነው፤ ሂስ ግን አይደለም።

ደግሞ የዚያን ሌሊት ጉድ ስሙ። ስቲቪ ዋንደር አንድ ስንኝ በስዋሂሊ ይሁን ብሎ ስቱዲዮው ተከራከረበት። ኢትዮጵያውያን ስዋሂሊ አይናገሩም ብሎ ያስታወሰ ሰው ባይገኝ ኖሮ ይሄኔ በስዋሂሊ ተርበን ነበር! በዚያው ሌሊት ስቲቪ ሁለት ኢትዮጵያውያት ሴቶችን ይዞ ገባ። ሴቶቹ አመሰገኑ፣ ዘፋኞቹ አለቀሱ፣ ቀረጻው ቀጠለ። የሴቶቹ ድምፅ ዘፈኑ ውስጥ የለም። የዓለም ዝነኛ ጉሮሮ ሁሉ ተሰልፎ የተራበው አገር ሰው ሲገባ ለምስጋና ብቻ ተፈለገ።

ሌላው በራሱ ቋንቋ ስለ እኛ ሲናገር ምን እንደሚመጣ ከእኛ ይበልጥ ማን ያውቃል? ውጫሌ እኮ ጎረቤታችን ናት። አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ ዓድዋ ድረስ ወስዶናል። (ከዚህኛው ቀድሞ የወጣው የእንግሊዞቹ ዘፈንማ ርዕሱ ላይ ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ላሊበላን አቅፎ ለተቀመጠ ሕዝብ! የእኛ ሙስሊም ጎረቤቶች እንኳን ገና መቼ እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ።)

«ዘፈን ነው እንጂ ጥናት አይደለም» የሚል አይጠፋም። ታዲያ ቦብ ማርሌይ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ዋር»ን ከየት አመጣው? አጼ ኃይለ ሥላሴ በ1963 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ካደረጉት ንግግር ነው። ደረቅ የዲፕሎማሲ ንግግር ዘፈን ከሆነ የእህል ዋጋም ዘፈን ይሆናል። እርግጥ ማርሌይም ቢሆን እኚሁ ንጉሥ የ66ቱን የወሎ ረሃብ እንዴት እንደያዙት አልዘፈነም። እሱንም አልምርም።

ሊዘፈን የሚችለው ነገር ደግሞ ተጽፎ ነበር። አማርትያ ሴን አልበሙ ከመውጣቱ 4 ዓመት ቀድሞ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ወሎ በስፋት ጽፏል። በ66 ወሎ ሲራብ ከወሎ እህል ይወጣ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ። ገበሬው ምርቱ ሲጠፋበት መግዣ ገንዘቡም አብሮ ጠፋ፤ መግዣ የሌለው ሰው ዘንድ ነጋዴ እህል አያመጣም። ይህ ምርምር የሚያወራው በደጃችን ስለሚያልፈው አስፋልት ነው። ከገጠር የወረደው ረሃብተኛ መንገድ ዳር ወጥቶ መኪና እያስቆመ ሲለምን፣ በዚያው መንገድ እህል ወደ ውጭ ይጫን ነበር። ዝናብ መቅረቱ እውነት ነው። ጭነቱ ግን የሰው ሥራ ነው።

77ትም እንደዚያው። ድርቁ በጠናበት ጊዜ መስከረም 2 ቀን የአብዮቱ 10ኛ ዓመት አዲስ አበባ ላይ በትልቅ ድግስ ተከበረ። ዓለም ኮረምን ያየው ጥቅምት 13 ነው፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸው ፊልም በቢቢሲ ሲታይ። (አሚን በ1989 ዓ.ም. ኮሞሮስ አጠገብ በተከሰከሰው በተጠለፈው የእኛ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ። ዘፋኞቹን የሚያውቅ ሁሉ እሱን አያውቅም።) ከዚያ ሰፈራው መጣ፤ በአገር ደረጃ 600 ሺህ ገደማ ሰው ከቀዬው ተነቅሎ ተጫነ። የፈረንሳዮቹ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ይህን በይፋ ተቃውመው በ1978 ከአገር ተባረሩ። ሂስ ይሄ ነው፤ ያስከፍላል። አልበሙን ግን ማንም መንግሥት አልተቆጣውም፤ ደርግም ቢሆን ምን ሊለው ይችላል? ስለ እሱ ምንም አላለም።

እኛስ የራሳችን አልነበረንም? ጥላሁን ገሠሠ «ዋይ ዋይ ሲሉ»ን ሲዘፍን ያላለቀሰ ማን ነው? ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች የሁለቱ ስም፣ ባቲና አምባሰል፣ ከወሎ የተወሰደ ነው። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ ስለ 77 ሲያንጎራጉሩ ሰምቼ ነው ያደግኩት። እዚያ ውስጥ የከብቱ ስም አለ፣ የሸጡበት ዋጋ አለ፣ እህል ደብቆ የያዘው ሰው አለ፣ ለሰፈራ የተወሰደው ልጅ አለ። ያንን ማንም ሸክላ አላደረገውም።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ድሮ ብቻ አይደለም። ዛሬም ሰው ጦሙን ሲያድር «ዝናብ ጠፋ» ብለን ቶሎ እናልፋለን፤ መንገዱ ለምን ተዘጋ፣ ማዳበሪያው ለምን ዘገየ፣ ማን ጦር አዘመተ የሚለውን አናነሳም። አመስጋኝ መሆንን ብቻ የተማረ ልጅ ይህን ጥያቄ ከየት ያመጣዋል?

ሀብሩ ውስጥ የምታስተምሩ ልጆቼ፣ አልበሙን ለተማሪ አታሰሙ አላልኩም፤ አሰሙ። ከሱ ቀጥላችሁ ግን የአንዲት አያትን እንጉርጉሮ አሰሙ። በስልካችሁ የቀዳችሁት ካለ ለእኔም በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ስትልኩ ታዲያ ያንጎራጎረችውን ሰው ስም፣ ቀበሌዋንና ስለ የትኛው ዓመት እንደሆነ ጻፉበት።