“ሲስተም የለም” ወይስ ኃላፊ የለም?

ጎበዝ! በዚህች አገር ከ“እንደምን አደራችሁ” ቀጥሎ በብዛት የሚነገረው ቃል የትኛው ነው ብትሉኝ “ሲስተም የለም” እላችኋለሁ። ጡረታውን ሊቀበል በከዘራ ተደግፎ የመጣው አዛውንት፣ ለልጇ ሕክምና ገንዘብ ልታወጣ ከማለዳ ጀምራ የተሰለፈችው እናት፣ ቀኑ ካለፈ ትቀጣለህ ተብሎ ግብር ሊከፍል የሮጠው ነጋዴ፣ ሁሉም በመስኮቱ በኩል የሚወረወርላቸው መልስ ይኸው ነው። መቼ ይመጣል? “አይታወቅም።” ለምን ሄደ? ዝም! ሕዝቡም የእግዜር ቁጣ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እኔ ግን የእግዜር ስም በከንቱ አይነሳ ባይ ነኝ። እንጀራዬን የምበላው ኬብል እየጎተትኩ፣ ስዊች እየሰቀልኩ፣ ሰርቨር እያገናኘሁ ነው። ሁልጊዜ ጥፋቱ የቤት ውስጥ ነው አልልም። መብራት ይጠፋል፣ ፕሮግራም ይበላሻል፣ ከቴሌ የሚመጣው መስመርም ይቆረጣል። ነገር ግን “ሲስተም የለም” እየተባለ ሕዝብ ሲባረር ሰርቨሩ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያጓራ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ሲስተሙማ አለ። መረጃውም አለ። የሌለው አንድ ኬብል ነው። ወይም የሞተው አንድ ስዊች ነው። በአንዲት ክር የተንጠለጠለ መሥሪያ ቤት ክሯ ስትበጠስ ቢወድቅ ማን ይደነቃል?

ነገሩን ለማያውቀው ላስረዳ። ሰርቨር ማለት የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ነው በሉት። ስዊች ደግሞ መዝገብ ቤቱን ከየመስኮቱ ኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኘው መናኸሪያ ነው። መናኸሪያው አንድ፣ መንገዱም አንድ ከሆነ፣ ያ አንዱ የተዘጋ ቀን መዝገቡ ሙሉ ሆኖ ሳለ የሚደርስበት የለም። ልብ በሉ! ለቢሮ የሚመረት ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው ሲወጣ ቢያንስ ሁለት የኔትወርክ ቀዳዳ ይዞ ነው። ፋብሪካው ለጌጥ አልበሳውም! ሁለተኛው መንገድ እንዲገባበት ነው። እኛ ዘንድ ግን ቀዳዳው አቧራ ይቅምበታል። ከአዲስ አበባ ጅማ የሚሄድ ሹፌር ያለ ስኮርት ጎማ አይነሳም። የሚሊዮኖችን ገንዘብና ሰነድ የጫነው ሰርቨር ግን ያለ ስኮርት ይነዳል። እንዴት ነው ነገሩ?

መላው የታወቀ ነው። አንዱን ኬብል ወደ አንደኛው ስዊች፣ ሌላውን ወደ ሁለተኛው ስዊች መስደድ ነው። ሁለቱንም ኬብል አንድ ስዊች ላይ መሰካት ራስን ማታለል ነው፤ ስዊቹ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይቀበራሉ። ከዚያ በሊኑክስ “ቦንዲንግ”፣ በዊንዶውስ ሰርቨር “ቲሚንግ” የሚባለው አሠራር ሁለቱን መስመሮች እንደ አንድ ያደርጋቸዋል። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ተጠባባቂ ሆኖ ይቆማል። መስመሩን በየ100 ሚሊ ሰከንዱ እንዲያይ ከታዘዘ፣ አንደኛው ሲበጠስ ሁለተኛው ቦታውን ይረከባል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅም፣ ተሰልፎ ያለው ባለጉዳይም ምንም ሳይሰሙ ሥራው ይቀጥላል። ቦንዲንግ ከሊኑክሱ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው፤ ለብቻው የሚከፈልበት ሳንቲም የለም። “ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ” ያሉት አባቶቻችን ሰርቨር አይተው አልነበረም፤ ልብ ግን ነበራቸው።

ታዲያ ለምን አይደረግም? “በጀት የለም” ይሉናል። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቆየን፣ ሁለተኛ ስዊች እንዲገዛ በጽሑፍ አሳስቤ ነበር። “አንዱ እየሠራ ሁለተኛው ምን ይሠራል?” ተብሎ ከዝርዝሩ ተሰረዘ። በዚያው የበጀት ዓመት የኃላፊዎቹ ወንበር በሙሉ በቆዳ ወንበር ተለወጠ። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ስዊቹ ሞተ። አዲስ ይገዛ ሲባል “ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ!” ተባለ። ፕሮፎርማው እስኪሰበሰብ፣ ፊርማው እስኪሟላ፣ ባለጉዳይ ሁለት ቀን ሙሉ ከበር ተመለሰ። የሕዝቡን የሁለት ቀን ጊዜ፣ የታክሲ ሒሳብ፣ ከሥራ የቀረበትን ማን አስቦት ያውቃል? በየትኛው የሒሳብ መዝገብ ላይ ነው የሚጻፈው? የስዊቹ ዋጋ በደረሰኝ ይታያል፤ የሕዝቡ ኪሳራ ግን ደረሰኝ የለውም። ችግሩ ይኸው ነው።

“ሁለት ማድረግ ራሱ መዘዝ ያመጣል” የሚሉም ባለሙያዎች አሉ። እውነት አላቸው፤ ሳያውቁ ካደረጉት። ስዊቾች በሁለት መንገድ ሲያያዙ መልእክት እየዞረና እየተባዛ ኔትወርኩን ሊያፍነው ይችላል። ለዚህም መድኃኒቱ ከተገኘ ቆይቷል። ራዲያ ፐርልማን የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1985 “ስፓኒንግ ትሪ” የተባለውን ዘዴ አወጣች። ትርፉን መንገድ ዘግቶ ያቆያል፣ ዋናው ሲቋረጥ ይከፍተዋል። የድሮው ይህን ለማድረግ ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ፈጣኑ በጥቂት ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ይጨርሰዋል። ሆኖም መድኃኒትም ያለ ሐኪም አይወሰድም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 ቦስተን ውስጥ ቤተ እስራኤል ዲኮነስ የሚባለው ትልቅ ሆስፒታል ኔትወርኩ በዚሁ ዙር ታንቆ አራት ቀን ያህል ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ ተመልሷል። ኔትወርኩ ሳይታቀድ እየተቀጣጠለ አድጎ ስፓኒንግ ትሪ ከሚችለው በላይ ሆኖበት ነበር። የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ጆን ሃላምካ ግን አልተደበቀም፤ ሌላው ይማርበት ብሎ የሆነውን ሁሉ በአደባባይ ተናገረ። እኛ ዘንድ እንዲህ የሚናገር ኃላፊ አለ? ካለ እጁን ያውጣ!

ሻጮችንም ዝም አልላቸውም። “ሁለት የ1 ጊጋ መስመር ብታስር 2 ጊጋ ፍጥነት ታገኛለህ” እያሉ የዋሁን ገዥ ያሞኛሉ። ኤልኤሲፒ በሚባለው አሠራር አንድ ግንኙነት የሚጓዘው በአንዱ መስመር ብቻ ነው። ጭነቱ የሚከፋፈለው ብዙ ሰው ሲመጣ ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንጂ አንዱ ሰው ሃምሳ እጅ አያበቅልም። በዚያ ላይ ሁለቱ ስዊቾች እንደ አንድ ሆነው እንዲሠሩ ካልተደረጉ፣ ኤልኤሲፒን በሁለቱ ላይ መዘርጋት አይቻልም። ይህን የማይነግር ሻጭ ሣጥን እንጂ አገልግሎት አልሸጠም።

ደግሞ ሁለት መስሎ አንድ የሆነ አለ። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ያለውን ሰርቨር ሁለቱንም ገመድ አንድ ዲቫይደር ላይ የሚሰካ አለ። ሁለቱን ፋይበር በአንድ ቦይ የሚቀብር አለ፤ አንድ የዶማ ምት ይበቃዋል። ይህ የእኛ ብቻ ኃጢአት አይደለም። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022 የሮጀርስ ኔትወርክ ሲወድቅ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ተቋረጠ። የሞባይሉም የቤቱም አገልግሎት በአንድ ዋና ኔትወርክ ላይ ተደግፎ ነበርና አብረው ወደቁ፤ “ኢንተራክ” የሚባለው የባንክ ካርድ ክፍያም በየሱቁ ቆመ። ሀብታም አገር መሆን ብቻውን አያድንም።

ከሁሉ የከፋው ግን ዝምታው ነው። ሁለት መስመር ኖሮ አንዱ ሲሞት ሥራው አይቆምምና ማንም አያውቅም። ወሩ ያልፋል፣ ዓመቱ ያልፋል፣ ሁለተኛው ሲሞት “ሁለት ነበረን እኮ!” ይባላል። ስለዚህ አንዱ ሲበጠስ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ጩኸቱን ሰምቶ የሚነሳ ሰውም ያስፈልጋል።

እናም ለኃላፊዎች የምለው አጭር ነው። በዘመናዊ መሣሪያ ተደራጅተናል እያላችሁ ሪባን አትቁረጡልን፤ ኬብል ንቀሉልን! ሁለት ነው ያላችሁትን መስመር አንዱን በሥራ ሰዓት፣ በባለሙያው ፊት ንቀሉና አሳዩን። ሥራው ከቀጠለ እናጨበጭባለን። ለመንቀል ከፈራችሁ ግን መልሱን ነግራችሁናል።

አንተም ወገኔ፣ “ሲስተም የለም” ሲሉህ አንገትህን አትድፋ። “ሁለተኛው መስመርስ የት ሄደ?” በል። መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ አትቆጣት፣ እሷ የተባለችውን ነው የምትለው። ጥያቄህን ፎቅ ላይ ወዳለው የቆዳ ወንበር አድርሰው።

ቸር ያሰማን!