ዐባይ ሚዛን በባሕር ላይ

ለመሆኑ አንድ የጋራ ሀብት ተመናምኗል ወይስ አልተመናመነም የምንለው ከምን ጋር አነጻጽረን ነው? ለዚህ ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ ያገኘሁት የባሕር በር ከሌላት አገራችን እጅግ ርቆ፣ በኒውዚላንድ የሎብስተር ማስገሪያዎች ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሎብስተር በባሕር ዓለቶች ሥር የሚኖር፣ ጠንካራ ቅርፊት ያለውና በውድ ዋጋ የሚሸጥ እንስሳ ነው። የሚያዘውን መጠን በኮታ የሚወስነው ሚኒስትሩ ሲሆን፣ ለውሳኔው ዋነኛ ግብአት ሆኖ የኖረው አስጋሪዎች በአንድ ወጥመድ ስንት ኪሎ እንዳወጡ የሚያስመዘግቡት ቁጥር ነው። አስጋሪዎቹ ይዋሻሉ ማለቴ አይደለም። ዳሩ ግን አስጋሪ ሎብስተር ከጠፋበት ስፍራ ተነሥቶ ወደ ተረፈበት ስለሚሄድ፣ ባሕሩ እየተራቆተ ወጥመዱ ሞልቶ ሊወጣ ይችላል። ዛሬን ከትናንት ጋር ብናነጻጽርም ትናንት ራሱ ጎዶሎ ነበር። ዐባይ ሚዛን ማለት ይህ ነው።

ከኦክላንድ በስተሰሜን፣ ሊ በተባለች የባሕር ዳር መንደር አጠገብ፣ ሌላ መስፈሪያ አለ። በ1975 የታወጀና ማስገር ፈጽሞ የተከለከለበት፣ ሲታወጅ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት የነበረው የባሕር ጥብቅ ክልል ነው። ተመራማሪዎች እየጠለቁ በውስጥም በውጭም ያሉትን ሎብስተሮች ይቆጥራሉ፣ ይለካሉ። በውስጥ የሚገኙት በቁጥር የበዙ፣ በአካልም የገዘፉ ናቸው። ሎብስተርና ትልልቅ ዓሦች ሲያንሰራሩ፣ የባሕር አረሙን በልቶ የሚያራቁተው እሾኻም የባሕር ጃርት ቀንሶ አረሙ ተመልሷል።

የባሕሩ ወለል ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ንጽጽሩ አያስኬድም የሚሉ አሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ጥብቅ ክልሎችን ማብዛት ነው። ደግሞም የሊ ክልል ጠባብ ሆኖ በመኖሩ ሎብስተሮቹ ድንበሩን ሲሻገሩ ሲያዙ ኖረዋል። ስለዚህ ይህ መስፈሪያ ቢሳሳት እንኳ የሚሳሳተው ጉዳቱን አሳንሶ በማሳየት ነው።

ጉዳዩ የምሁራን ጨዋታ አይደለም። ሊን በሚያካትተው የማስገሪያ ቀጣና የንግድ ኮታው በ2018 ከ200 ቶን ወደ 80 ቶን ወርዷል። በ2022 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በአጎራባቹ ኖርዝላንድ ሚኒስትሩ የወሰነውን የሎብስተር ኮታ ሕገ ወጥ ብሎታል።

ባሕር ሲከለል የአስጋሪው ኪሳራ የሚካድ አይደለም። ሆኖም በየማስገሪያው ሰፊ ጥብቅ ክልል ሊኖር፣ ቆጠራውም ከተጠቃሚውና ከወሳኙ ነጻ በሆነ አካል ተከናውኖ ኮታው ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ሊገለጽ ይገባል። በእኛም አገር ተራቁቶ የምናየው ደጋ ቀድሞ ምን ዓይነት ደን እንደነበረው የሚመሰክሩልን በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የተረፉት ዛፎች ናቸው። ያልተነካ ነገር ያላስቀረ ሕዝብ የጠፋበትን ነገር መጠን ማወቅ አይችልም።