ብርሃኑን አስተካክሉ፣ ሰውየውን ተዉት

ዛሬ ረዘም ያለች ነገር ልጽፍ ነውና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡኝ።

ሰሞኑን አንዲት እናት እዚሁ ውጫሌ ፎቶ ቤቴ መጡ። ልጃቸው አረብ አገር ናት። ከመሄዷ በፊት እኔው ያነሳኋትን ፎቶ በትልቁ አሳጥበው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ፈልገው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ ሳሳያቸው ዝም ብለው አዩና «ልጄ እኮ ጠይም ናት። ይቺን ማን አቀላት?» አሉኝ።

እኔ ነኝ ያቀላኋት። ያኔ ፊቷን አለስልሼ፣ ቀለሙን አሙቄ፣ አንጥቼ «አማረች» ብዬ ሰጥቻታለሁ። እጇ ግን ጠይም እንደሆነ ቀርቷል። ኦሪጅናሉን ልፈልግ ብል የለም፣ አጥፍቼዋለሁ። እናትየው አልተቆጡም፤ «ይሁን እንግዲህ ልጄ» ብለው ሳያሳጥቡ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እኛ ውጫሌዎች አንድ ነገር ሁለት ቅጂ ሲኖረው የሚያመጣውን ጣጣ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን። በ1881 ዓ.ም. በእኛው አካባቢ የተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 17ቱ በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ አይደል መጨረሻው አድዋ የሆነው?

የቆዳ ቀለም ማስተካከል ሁሉ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። የሰርግ ድንኳኑ ሸራ ሰማያዊ ከሆነ የሙሽሮቹም ፊት ሰማያዊ ይመታል። በአንድ ጎን አምፖል፣ በሌላ ጎን የመስኮት ብርሃን ካለ ግማሽ ፊት ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ይህንን ማመጣጠንና ማሞቅ ዓይናችን ያየውን መመለስ ነው። ብጉርም በሳምንቱ ይጠፋል፣ አጥፉት። ጠይምነት ግን አይጠፋም፣ አትንኩት።

«ደንበኛው ራሱ አቅላኝ እያለ ምን ቸገረህ?» ትሉኛላችሁ። እኔም እንዲያ እል ነበር። አሁን ሳስበው ግን ብዙ ሰው «አቅላኝ» ሲል «ፊቴ ይታይ» ማለቱ ነው። ጠይም ሰው ነጭ የአገር ልብስ ለብሶ ሲቆም ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃን ይቀንሳል፤ ፊት ይጨልማል። ጥፋቱ የአነሳሳችን ነው። ብርሃኑን ፊት ላይ ለኩ፣ በጥላው በኩል ነጭ ካርቶን አስይዙ፤ ያኔ ጠይሙ ጠይም ሆኖ ያበራል።

ነገሩ ከእኛም አልጀመረም። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ «የሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። ለረጅም ዘመን ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ ቀለሙ የሚስተካከለው በእሷ ቆዳ ነው። ፊልሙ ቡናማን ለይቶ እንዲያወጣ ከገፋፉት መካከል ደግሞ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። ለቸኮሌት ሲባል ነው እኛም የታየነው! ጉግል እንኳ ስልኩ ጠቆር ያለ ቆዳን በትክክል እንዲያነሳ «ሪል ቶን» ብሎ ያመጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። እነሱ ወደ እኛ መልክ እየመጡ፣ እኛ በገዛ እጃችን ከመልካችን እየሸሸን ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ያኔ ያላስተማርኳችሁን ዛሬ ልንገራችሁ። ላይትሩም ላይ የብርቱካንማውን ብሩህነት ወደ ላይ ስትገፉ የምታነጡት ቆዳውን መሆኑን እወቁ። ስታሞቁ ነጠላውን እዩ፤ ነጠላው ቢጫ ከሆነ አብዝታችኋል። ፊትን ከአንገትና ከእጅ ጋር አስተያዩ። ደንበኛው አሁንም «አቅላኝ» ካለ በደንብ የበራውን ጠይም መልኩን አስቀድማችሁ አሳዩት፤ ከዚያ ይምረጥ። ኦሪጅናሉን ደግሞ በፍጹም ዲሊት አታድርጉ። ፎቶውን ዛሬ የሚከፍልበት ሰው ብቻ አያየውም፤ ነገ የሚናፍቀውም ያየዋል።

ልጅቷን በኢሞ አግኝቻት፣ ያልነካሁት ቅጂ ስልኳ ላይ ካለ እንድትልክልኝ ለምኛታለሁ። እየጠበቅሁ ነው። ከመጣ በነጻ አጥቤ፣ ፍሬም አስገብቼ እናትየው ቤት ድረስ እወስደዋለሁ።