የኔትዎርክ ንድፍ ምስክር ወረቀት ተራው መቼ ነው?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኖበታል። የኮምፒዩተር ተማሪ ደግሞ ይህንን አልፎ ዲግሪውን ይዞ ቢወጣም፣ ብዙ ጊዜ ቀጣሪው ሌላ ወረቀት ይጠይቀዋል፤ ይኸውም ኩባንያዎች ፈትነው የሚሰጡት የሙያ ምስክር ወረቀት ነው። እኛ ወረቀቱን አንነቅፍም። ነገር ግን የትኛው ወረቀት ከየትኛው ይቀድማል የሚለው ጥያቄ በመካከላችን በግምት እየተመለሰ፣ በዚሁም ምክንያት ወላጆቻችን የላኩት ገንዘብ በከንቱ እየወጣ ስለሆነ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

ከተመራቂ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መካከል ጥቂት የማይባሉት ዓይናቸውን የጣሉት በኔትዎርክ ንድፍ ላይ ነው። አሳባቸው ይገባናል። ሽቦ የሚዘረጋውና ራውተር የሚያሰናዳው ሰው ብዙ ነው፤ አስቦ ንድፍ የሚያወጣው ግን ጥቂት ነው፤ ደመወዙም ክብሩም ወደ ጥቂቱ ያዘነብላል። ታዲያ ለምን በቀጥታ ከዚያ አንጀምርም? ይላሉ።

የሲስኮን ፈተናዎች እንመልከት፤ በየቤተ ሙከራችን ስሙ በብዛት የሚነሣው እርሱ ነውና። ቀድሞ በዚህ ኩባንያ ዘንድ ንድፍ ለብቻው የቆመ መንገድ ነበረው፤ ሲሲዲኤ ከታች፣ ሲሲዲፒ ከመካከል፣ ሲሲዲኢ ከላይ። ኩባንያው በየካቲት 2012 ዓ.ም. ፈተናዎቹን እንደ አዲስ ሲያደራጅ የታችኛውንና የመካከለኛውን አስቀረ። ዛሬ ንድፍ የሚገኘው በሲሲኤንፒ ውስጥ፣ ከዋናው ፈተና ቀጥሎ ተማሪው ከሚመርጣቸው ፈተናዎች እንደ አንዱ ሆኖ ነው፤ ለዚህም ደረጃ ኩባንያው ራሱ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሥራ ልምድ ቢኖር ይመክራል። ከላይ የቀረው ሲሲዲኢ ደግሞ በጽሑፍ ፈተና ተጀምሮ በ8 ሰዓት የተግባር ፈተና ያልቃል። በዚያ ሁሉ ሰዓት ተፈታኙ በራውተር ላይ አንዲት ትእዛዝ እንኳ አይጽፍም። የአንድ ድርጅት ደብዳቤዎችና ሥዕሎች ይቀርቡለታል፤ ባለቤቶቹ የሚሹትን ከዚያ አንብቦ፣ ምን እንደሚመርጥና ለምን እንደ መረጠ ይመልሳል። (ሲሲዲኤ ያለው ይመረጣል የሚል የሥራ ማስታወቂያ እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ይታያል። ጸሐፊው የአሮጌ ማስታወቂያ ግልባጭ ሳያነብ የለጠፈ ይመስለናል።)

እንግዲህ ለጀማሪ ተብሎ የተሰናዳ የንድፍ ወረቀት በዚህ መንገድ ላይ የለም ማለት ነው። እኛም ይህ ተገቢ ነው እንላለን። አንድ ድርጅት ሥራው እንዳይቋረጥበት ሁለት የፋይበር መስመር ገዛ እንበል። በወረቀት ላይ ሁለት ናቸው። ሁለቱም በአንድ ቦይ ውስጥ ተቀብረው ከሆነ ግን፣ መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይበጥሳቸዋል። ሁለቱ ራውተሮች ከአንድ ማከፋፈያ መብራት የሚያገኙ ከሆነ አብረው ይጠፋሉ። ስዊቹ ቢቃጠል መለዋወጫው በስንት ወር ይደርሳል? የውጭ ምንዛሪውስ ከየት ይመጣል? ንድፍ አውጪው ከሄደ በኋላ ይህንን ሁሉ የሚጠብቀው ማን ነው፣ ምንስ ያውቃል? መጽሐፍ ተተኪ መስመር ይኑር ብሎ ያልፋል። ቦዩን ሄዶ ማየት እንደሚያስፈልግ የሚገባው ግን መስመር ተበጥሶ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ከእንቅልፉ ለተጠራ ሰው ነው።

ስለ ገንዘቡም እንናገር። የመጀመሪያው ደረጃ የሲሲኤንኤ ፈተና ዋጋ 300 ዶላር ነው። ይህ እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ በባንክ ምንዛሪ 17 ሺህ ብር ያህል ነበር፤ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ስለ ወጣ፣ ከ30 ሺህ ብር ያልፋል። ወረቀቱም ካልታደሰ የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ብቻ ነው። ሥራ ሳይዝ የንድፍ ፈተና የሚገዛ ተማሪ፣ ልምድ ሳያገኝ ጊዜው የሚያልፍ ወረቀት ይገዛል ማለት ነው። ከዚህም የከፋው የተሰረቁ የፈተና ጥያቄዎችን ሸምድዶ ማለፍ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው በቃለ መጠይቅ ላይ ለምን? ተብሎ ሲጠየቅ ያቀረቅራል።

ስለዚህ ተራው እንዲህ ቢሆን ይሻላል እንላለን። መጀመሪያ መሠረቱ፤ እርሱም ሲሲኤንኤ ወይም የሁዋዌው ኤችሲአይኤ። ከሁለቱ የትኛው? የአገራችን የቴሌ መሣሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ከዜድቲኢ፣ በ2013 ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር በተደረጉ ውሎች የተስፋፋ መሆኑን ያሰበ ሰው፣ የቻይናውን ወረቀት በሁለተኛነት አይመለከተውም። ከዚያ በኋላ ሥራ፣ ዝቅ ያለም ቢሆን፤ ከዚያ ሲሲኤንፒ። የንድፉ ፈተና እዚያ ይደርሳል። ሲሲዲኢን ያሰበ ደግሞ ወጪውን ከአባቱ ሳይሆን ከቀጣሪው ይጠይቅ።

ወረቀቱ ይቆይ ስንል ግን ንድፍ መማሩም ይቆይ ማለታችን አይደለም። የሲስኮ ኔትዎርኪንግ አካዳሚ ብዙ ትምህርቶች በነፃ ይገኛሉ፤ ፓኬት ትሬሰር የሚባለውም መለማመጃ ገንዘብ አይጠይቅም። የጎደለው የሚጠይቅ መምህር ነው። መምህራኖቻችንን በትሕትና የምንለምነው፣ በመመረቂያ ሥራ ላይ ራውተሩ ይሠራልን? ከሚለው ጋር ለምን ይህን መረጥህ፣ ምንስ ትተሽ ነው? የሚለው ጥያቄም ነጥብ እንዲሰጠው ነው። ሁለተኛም፣ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች የገዛ ግቢያችንን መስመር ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ተከትለው፣ የት ላይ ቢቆረጥ ማን እንደሚቋረጥ በካርታ እንዲያወጡ ይፈቀድላቸው። ለዚህ ቤተ ሙከራው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢከፈት ይበቃል፤ ቁልፉን ተረክቦ የሚጠብቅና ሰኞ ጧት የሚመልስ ሰው ከማኅበራችን እንመድባለን።