ባንኮኒና ደብተር

ነሐሴ ሲገባደድ መርካቶ የደብተርና የዩኒፎርም አገር ይሆናል። ይህ የጳጉሜን እትማችን ግን ገዢውን ትቶ ከባንኮኒው ጀርባ የቆሙትን ልጆች ተከትሏል።

ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ የመርካቶ ልጅ መምህር ይቀይራል እንጂ አያርፍም። ጠዋት ቁርአን ቤት ወይም ቄስ ትምህርት ቤት ያረፍዳል፣ ከዚያ ከአባቱ ሱቅ ይገኛል። ምናለሽ ተራ አሮጌ ቆርቆሮ ተጠፍጥፎ ምድጃ ሲወጣው ያያል። ቅመም ተራ ያደገው ኮረሪማውን በማሽተት ብቻ ይመርጣል፤ መቀነስን ደግሞ ለደንበኛ መልስ ሲቆጥር ተምሮታል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ሳቢያ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲታዘዝ ብዙ ወላጅ ልጅን ቤት ማስተማር እንዴት እንደሚቻል ግራ ገባው። መርካቶ ያን ያህል ግራ የገባው አይመስለኝም።

ነገሩን ማሳመር ግን አልፈለግንም። ሱቅ እየዋሉ መማርና ለሱቅ ሲባል ከትምህርት መቅረት የሚለያዩት በጥቂት ነው፤ ረጅሙ ጽሑፋችን ያተኮረውም እዚያ ላይ ነው።

ከከተማ ወጣ ያልንበት ገጽም አለ። የገበሬው ልጅ ክረምቱን ጤፍ ሲያርም፣ ለቡሄ ጅራፍ ሲገምድ ከርሞ፣ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ እናቱ የምትሸጠውን ለምለም ሣርና አደይ አበባ ያስራል። እሷ ዋጋ ስትከራከር አጠገቧ የሚቆመው ልጅ ምን እንደሚማር ገጽ 14 ላይ ታነባላችሁ። የዋዜማው ገበያ ፋታ ስለማይሰጥ፣ እትሙን ቀደም አድርገን አውጥተናል።