ደብዳቤ አደራ ነው

በመዝገብ ቤቱ ጎን ያለችው የግቢያችን ፖስታ ክፍል አንዲት መስኮት፣ አንድ የእንጨት መደርደሪያና አንዲት ሠራተኛ ብቻ ያሏት ጠባብ ክፍል ናት። ሠራተኛዋ በወሊድ ፈቃድ ከወጡ ወዲህ ቁልፉን ተረክበው የሚሠሩት ማኅበራችን የመደባቸው አራት ፈቃደኛ ተማሪዎች ናቸው። ይህ ጽሑፍ እስከሚታተም ድረስ ስድስት ሳምንት አገልግለዋል። ለወይዘሮዋ እንኳን ማርያም ማረችዎ እንላለን፤ ለአራቱ ጓደኞቻችንም ምስጋናችን የላቀ ነው። ሆኖም አመስግነን ብቻ ብናልፍ ግዳጃችንን ፈጸምን ማለት አይቻልም። በእነዚህ ስድስት ሳምንቶች በግልጽ የታየ አንድ ነገር አለና፤ ይኸውም የዚህ ግቢ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ተጠብቆ የኖረው በደንብ ሳይሆን በአንዲት ሴት ቅንነት ብቻ መሆኑ ነው።

«በዚህ በስልክና በቴሌግራም ዘመን ደብዳቤ የሚጠብቅ ማን አለ?» የሚል ይኖራል። ወዳጅ ለወዳጁ የሚጽፈው ደብዳቤ መቀነሱን እኛም አንክድም። ነገር ግን ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ዛሬም ታሽጎ፣ ማኅተም አርፎበት በፖስታ ይሄዳል። የፍርድ ቤት ወረቀት፣ ከሩቅ አገር የተላከ መጽሐፍ፣ ወላጅ በአደራ የሰደደው ዋናው የትምህርት ማስረጃ በስልክ አይመጣም። ደግሞም በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት መቆየቱን ያልረሳ ሰው ወረቀትን አይንቅም። በክልላችን ውስጥ በሚገኙት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎችም ጦርነት የለያያቸው ቤተ ሰቦች ዛሬም ድረስ በቀይ መስቀል የመልእክት ወረቀት ይፈላለጋሉ። እናቱ በሕይወት መኖሯን በአንዲት ወረቀት ያወቀ ሰው ስለ ደብዳቤ ዋጋ ከእኛ ይልቅ ሊያስተምር ይችላል።

የዚህች ክፍል ሥራ ለምን ከባድ እንደ ሆነ ለማስረዳት አንድ ነገር መግለጽ ይገባል። በአገራችን ደብዳቤ በአብዛኛው የሚላከው ለቤት ቁጥር ሳይሆን ለፖስታ ሳጥን ነው። እኛ ሁላችን፣ ተማሪውም መምህሩም አስተዳደሩም፣ የምንጠቀመው በአንድ የሳጥን ቁጥር ነው። የከተማው ፖስታ ቤት ደብዳቤውን በሳጥኑ ውስጥ ሲጥል የእርሱ ኃላፊነት ያበቃል። ከዚያ ጀምሮ ባለቤቱ እጅ እስኪገባ ድረስ ያለው መንገድ፣ አጭር ቢመስልም፣ የእኛው የራሳችን ነው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በደኅና የደረሰ ደብዳቤ በመጨረሻዋ ሃያ እርምጃ ቢጠፋ የሚጠየቅ ማን ነው? እስከ ዛሬ የጻፈው ሰው የለም።

ፈቃደኞቹ ሥራውን በጀመሩ በመጀመሪያው ቀን ያጋጠማቸው ችግር የስም ነገር ነበር። መደርደሪያው በሀ፣ ለ፣ ሐ ተራ የተከፋፈሉ ትንንሽ ቤቶች አሉት። ጋምቤላን የሚያውቅ ሰው ወዲያው እንደሚገምተው የ«ኦ» ቤት ሞልቶ ሲፈስስ የ«ጰ» ቤት ባዶውን ይቀመጣል። የአኙዋ ወንዶች ስም ዘወትር በ«ኦ» ይጀምራልና፤ ኦሞድ፣ ኦጁሉ፣ ኦኬሎ፣ ኦባንግ። በኑዌርም የወንዶቹ ስም ብዙውን ጊዜ «ጋት»፣ የሴቶቹ «ኛ» እያለ ይነሣል፤ ትርጓሜውም የእገሌ ልጅ እንደ ማለት ነው። ከደጋ የመጣው ገብረ ሥላሴም ከጋትሉዋክ ጋር በ«ገ» ቤት ተጠጋግቶ ያድራል። ይህ ያስቃል፤ ደብዳቤ ሲሳሳት ግን አያስቅም። የውጭ አገር ላኪ የአባትን ስም አስቀድሞ ሲጽፍ ኦሞድ ኦጁሉ ተገልብጦ ኦጁሉ ኦሞድ ይሆናል፤ በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ተማሪ ደግሞ በግቢው ውስጥ አይታጣም። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ የኑዌር ስም በአማርኛ ሦስት ዓይነት ሆኖ ሲጻፍም አይተናል። ሠራተኛዋ ይህን ሁሉ የሚያቃኑት በቃል ነበር፤ መልኩንም፣ የአባቱንም ስም፣ የሚማርበትንም ክፍል ያውቁታልና። እርሳቸው ሲሄዱ ዕውቀቱም አብሮ ሄደ።

ጓደኞቻችን መፍትሔውን በሁለተኛው ሳምንት አገኙት። ደብዳቤውን በስም ፊደል መደርደር ትተው በትምህርት ክፍልና በተማሪው መታወቂያ ቁጥር ይደረድሩ ጀመር። በሪኮማንዴ የመጣ ሲኖርም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፉት ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ማን ከማን ደብዳቤ እንደ ደረሰው መንገደኛው ሁሉ እንዲያነብ አያስፈልግምና። ይህ ትንሽ ማሻሻያ ገንዘብ አልጠየቀም። የጠየቀው ጥቂት ማሰብን ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። ተማሪዎች ቁልፉን ከያዙ በኋላ አንዳንድ ጓደኞቻችን ደብዳቤያቸውን ከተማ ውስጥ በሚገኝ ዘመድ ሳጥን በኩል ማስላክ ጀምረዋል። ምክንያታቸውን ስንጠይቅ በቀጥታ የተናገረ ጥቂት ነው፤ የቀረውን ግን ሁላችን እናውቀዋለን። «መስኮቱ ላይ የተቀመጠው የማን ወገን ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። በዚህ ከተማ ሰው በሰፈሩና በቋንቋው እየተለየ የተጠራጠረበት፣ ሰዓት እላፊ የታወጀበት ቀን መኖሩን መደበቅ አይቻልም። ስለዚህ እነዚህን ጓደኞቻችንን አንወቅስም። «እመኑን፣ እኛ ጥሩ ልጆች ነን» ብለን መመለስም አንፈልግም፤ እንዲህ ያለ መልስ ጥርጣሬን አያስወግድም።

ፖስታ የተባለው ነገር የተመሠረተው ሰው የማያውቀውን ሰው አምኖ ቃሉን እንዲሰጠው ነው። በቀድሞ ዘመን መልእክተኛ ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዱላ ጫፍ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ላኪው መልእክተኛውን በግል ያውቀዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታን ሥራ ሲያቋቁሙ፣ ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ማኅበር አባል ስትሆን፣ ይህ መተዋወቅ ቀርቶ በምትኩ ቴምብር፣ ማኅተምና መዝገብ ገባ። የእኛው ጋምቤላ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ የሱዳን አስተዳደር ይመራው ነበር፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ይመጣል፤ ከዚህም ደብዳቤ በሱዳን ቴምብር ይላክ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ግሪኩም ሶርያዊውም ነጋዴ፣ ደገኛውም ቡና ሻጭ ከመስኮቱ በስተኋላ የተቀመጠውን ሰው ዘር ቆጥሮ አልነበረም ደብዳቤውን የሚሰጠው። የሚያምነው ደረሰኙን ነበር።

ሕጉም ከዚሁ ጋር ይስማማል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው የሚጻጻፈው ደብዳቤ እንዳይደፈር ይጠብቃል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም የሰውን ደብዳቤ የሚከፍተውን ይቀጣል። ሕጉ ከሳሽ፣ ከሳሽ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል፤ መዝገብ በሌለበት ክፍል ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ሌላም የሚያሳስበን ነገር አለ። ሥራው በነጻ ሲሠራ ያየ ሁሉ «ፈቃደኞች ካሉ ምን ቸገረን» ማለት ይጀምራል። በጎ ፈቃድ የባዶ መደብ መሸፈኛ ሆኖ እንዳይቀር እንሰጋለን። ከአራቱ ጓደኞቻችን ሁለቱ ለመስኮቱ ሲሉ የላቦራቶሪ ሰዓታቸውን ለሌላ ቀን ለማዛወር ተገደዋል። የቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ልኮ ማሠራት ሲጀምር አገልግሎቱ ደንብ ወጥቶለት የዲግሪ ግዴታ ሆኖ ተቈጥሮ ነበር፤ ስለዚህ ከተማሪው ፈቃድና ጊዜ ጋር ተነሥቶ የሚጠፋ ሥራ አልነበረም። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ አገልግሎታችንን አንነፍግም፣ ነገር ግን ሥርዓት ይኑረው።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል።

አንደኛ፣ ወደ ክፍሏ የሚገባ ደብዳቤ ሁሉ ቀኑና ቁጥሩ በመዝገብ ይግባ፤ ሪኮማንዴና ጥቅል ያለ ባለቤቱ መታወቂያና ፊርማ አይውጣ፤ «የክፍል ጓደኛው ነኝ» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ሳጥኑን ለመክፈት ወደ ከተማ የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ እነዚህም ከተለያየ የትምህርት ክፍል ተመርጠው በየወሩ ይለወጡ።

ሦስተኛ፣ ባለቤቱ በተወሰነ ቀን ውስጥ ያልተገኘ ደብዳቤ ምክንያቱ በላዩ ተጽፎ ለላኪው ይመለስ እንጂ በመሳቢያ ውስጥ አይበስብስ።

አራተኛ፣ አስተዳደሩ ለሠራተኛዋ ምክትል ይመድብ፤ ይህ እስኪሆን ድረስ የሚሠሩት ተማሪዎች ሰዓታቸው ተቈጥሮ ተገቢው አበል ይሰጣቸው፤ ወይዘሮዋም ሲመለሱ በቃል የሚያውቁት ሁሉ ይጻፍላቸው፤ ዳግመኛ ፈቃድ በሚያስፈልጋቸው ጊዜ ልባቸው ሳይሠጋ እንዲወጡ።

መምህራኖቻችን በዚህ ነገር እንዲያግዙን እንለምናለን፤ የእናንተም መጽሔትና የምርምር ጽሑፍ በዚያችው መስኮት ያልፋልና። ደብዳቤያችሁን በዘመድ ሳጥን የምታስልኩ ጓደኞቻችንም ወደ መስኮቱ ኑና መዝገቡን ራሳችሁ አገላብጣችሁ እዩ። የጎደለ ካለ ንገሩን፤ ከናንተም አንዱ ወይም አንዷ በሚቀጥለው ወር ተራ ገብታችሁ ሥሩ።

አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። ሰማዩ ሩቅ ከሆነ መዝገቡ ቅርብ ይሁንልን። ወይዘሮዋ እስኪመለሱ ድረስ መስኮቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው፤ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ።