የጎዳና ፊልም ዋጋው ምኑ ላይ ነው?

ብርቅ ዕቃ ይወደዳል፤ የበዛ ይረክሳል። ፊልም ግን በቀላሉ የሚባዛ ሸቀጥ ነው። ታዲያ ሰብሳቢዎች በጥቂት ገንዘብ የተሠራ፣ ታዋቂ ተዋናይ የሌለበት፣ የድሆችን ሰፈር የሚያሳይ አሮጌ ፊልም የሚያሳድዱት ለምንድን ነው?

መልሱን የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ይሰጡናል። በ1970ዎቹ (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳሉ የሠሩት «ቡሽ ማማ» በዋትስ ሰፈር በመንግሥት ድጎማ የምትኖር የአንዲት ጥቁር እናት ታሪክ ነው። መግቢያው ላይ ፖሊስ የፊልሙን ባልደረቦች አስቁሞ ሲፈትሽ ይታያል፤ ትወና ሳይሆን እውነተኛ ፍተሻ ነው። ያንን ቀን ማንም ባለሀብት ዳግመኛ ሊያሠራው አይችልም። ብርቁ ነገር ይኸው ነው። ፊልሙ በ2022 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ይሁንና እውነተኛነት ብቻውን ገንዘብ አይሆንም። የ«ቡሽ ማማ» ካሜራማን ከነበሩት አንዱ ቻርልስ በርኔት «ኪለር ኦቭ ሺፕ»ን ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ሠራ። የዘፈኖቹን መብት ግን አስቀድሞ አልገዛም ነበር። ፊልሙ ለመደበኛ የሲኒማ ገበያ የበቃው በ2007፣ ለዘፈኖቹ መብት 150,000 ዶላር ከተከፈለ በኋላ ነው። አንድ ያልተፈረመ ውል የፊልሙን ወጪ ከ15 ጊዜ በላይ አስከፈለ ማለት ነው።

ፕሮፌሰር ኃይሌ በበኩላቸው በ1993 ለ«ሳንኮፋ» አከፋፋይ ሲያጡ ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ አሳዩ፤ መብቱንም አልለቀቁም። ፊልሙ ታድሶ በ2021 በኔትፍሊክስ ቀርቧል። ከ28 ዓመት በኋላ የተገኘ ገበያ ነው።

ነገሩ ዓባይ ማዶ ድረስ ይመጣል። የሊስትሮውን፣ የባጃጅ ሹፌሩን፣ የጉልት ነጋዴዋን ኑሮ የሚቀርጽ ወጣት ባሕር ዳር ውስጥ ዛሬ ካሜራ አያጣም። የሚያጣው ፋይልና ውል ነው። ዋናውን ቅጂ ሁለት ቦታ ያስቀምጥ። ከሙዚቀኛውም ሆነ ከተቀረጸው ሰው ጋር በጽሑፍ ይዋዋል፤ የቅጂ መብት አዋጁም ከ2004 ጀምሮ አለለት። ሲቸገር የማሳያ ፈቃድ ይሽጥ እንጂ መብቱን ጠቅልሎ አይስጥ።

«ገዢው የት አለ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገዢው ሃያና ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ጭራሹንም ላይመጣ ይችላል። ዋናው ቅጂ ተደምስሶ ከጠበቀው ግን የሚሸጥለት ነገር የለም። ከገንዘቡም በላይ፣ የዚያ ጎዳና ሰው እንዴት ይኖር እንደነበር የሚመሰክር አይኖርም።